ሁለተኛው ስኒ በነጻ

ዕድሜዬን የጨረስኩት ለልጆች መቶኛ በማስተማር ነው። «አንድ ነጋዴ የመቶ ብር ጫማ በሰማንያ ብር ቢሸጥ ቅናሹ ስንት በመቶ ነው?» እያልኩ ስንቱን አስለቅሻለሁ። ነጋዴው ለምን እንደሚቀንስ ግን አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም፤ አላውቀውማ። ያንን የተማርኩት ጡረታ ወጥቼ፣ ጥርሴም በየተራ ጡረታ ወጥቶ፣ ለማፈር ብዙ ዕድሜ በማይቀርበት ጊዜ ነው። ለማፈር ለካ ዕድሜ አይጠፋም። አሁን ጧት ከእኔ ቀድሞ የሚነሣው እፍረቴ ነው። እኔ ከዘራዬን ፈልጌ ከአልጋ እስክወርድ እሱ ፊቱን ታጥቦ ደጃፍ ላይ ይጠብቀኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረታ መገንጠያው ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚለያዩበት፣ ድሮ የሽንኩርት ጆንያ ይከመርበት በነበረ ቤት አንድ ካፌ ተከፈተ። ካፌ ብርቅ ሆኖብን አይደለም፤ ማኪያቶ ከገባ ቆይቷል። ይኸኛው ግን በትልልቆቹ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ፣ አስተናጋጆቹ አንድ ዓይነት ሽርጥ የታጠቁ፣ ወንበሩ ሲቀመጡበት የሚውጥ ነበር። ዋጋው በትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ተጽፏል። ሰሌዳ ስላየሁ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝና ደስ ብሎኝ ተጠጋሁ። ሳነበው ደስታዬ እዚያው ቀረ። አንድ ማኪያቶ ሰማንያ ብር! ፊት ለፊቱ ዣንጥላ ተክላ የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። በዚያች በአንዷ ማኪያቶ ዋጋ እሷ ዘንድ ከሰኞ እስከ ዓርብ እጠጣለሁ፣ ያውም ከነወሬው። «ይህ የሀብታም ጠበል ነው፤ እኔ የድኻ ሕመም ነው ያለብኝ» ብዬ ተመለስኩ።

ካፌው ጥቂት ሳምንት ባዶውን ዋለ። አስተናጋጆቹ በመስታወቱ በኩል እኛን ያያሉ፣ እኛም እነሱን እናያለን፤ ማን ለማን ትርኢት እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ አንድ ጧት ደጃፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። «ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሁለት ማኪያቶ ሲያዝዙ ሁለተኛው በነጻ!» ይላል።

ለምን ማክሰኞና ሐሙስ? አሁን ሳስበው ያወጣው ሰው ሰይጣን የሚያስተምር ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ወተት ያለበትን ነገር በነጻ ቢሰጡትም የሚነካው የለም። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ገበያተኛው ራሱ ይሞላዋል፤ ማን ሞኝ ነው ቅዳሜ የሚቀንስ? ማክሰኞና ሐሙስ ረፋድ ላይ ግን ወረታ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ማን አለ? ጡረተኛ። ጨርቁ የተሰቀለው ለእኔ ነበር ማለት ነው። ስሜ ብቻ ነው የቀረው።

እኔም ያንን ጨርቅ ሳነብ «ግማሽ በግማሽ! ሃምሳ በመቶ!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የጀበና ቡናዋ ሴት እስክትሰማ። ሰሌዳውን እንደገና አላየሁትም። ጥያቄውን ሳያነብ መልስ የሚጽፍ ተማሪ ስንቱን ኩርኩም አቅምሻለሁ!

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሁለተኛውን የሚጠጣ ሰው ያስፈልጋል። ብቻዬን ሁለቱንም ልጠጣ ሞከርኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ስቆጥር አደርኩ። ባለቤቴን ለመንኳት።

«እኔ ያንን አረፋ አልጠጣም» አለች። «ደግሞ አንተ ሰውዬ፣ ጋብዤ አላውቅም ብለህ ነው እኔን የምትለምነው? ጓደኞችህን አትጋብዝም?»

በእሷ ቤት ፌዝ መሆኑ ነው። እኔ ምክር አድርጌ ወሰድኩት። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ሰው መጋበዝ ያዝኩ። ፀጉር አስተካካዩን ጋበዝኩ። አንድ ባንክ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬን ጋበዝኩ፤ ልጅ ሳለ መቶኛ አይገባውም ነበር፣ አሁን ወለድ ያሰላል። የሰፈር ዲያቆን ጋበዝኩ። በአገራችን ሒሳብ ሲመጣ ትግል እንዳለ ታውቃላችሁ፤ «በሞቴ!» «እኔ እያለሁ!» «እጅህን ከኪስህ አውጣ!» እየተባለ እጅ ለእጅ መያያዝ ነው። ድሮ በዚያ ትግል ቀስ ብዬ የምሸነፍ ሰው ነበርኩ፤ የጫማዬ ማሰሪያ ሁልጊዜ የሚፈታው ሒሳብ ሲመጣ ነው እየተባልኩ የምታማ። አሁን ግን እንደ አንበሳ እታገላለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ሰው ዋጋ ጋብዞ ለጋስ መባል የት ይገኛል? ቀድሜ ተነሥቼ ባንኮኒው ዘንድ እከፍላለሁ፣ እንግዳው ደረሰኙን እንዳያይ። ካርድም ሰጡኝ፤ በጠጣሁ ቁጥር አስተናጋጇ ማኅተም ትመታበታለች፣ ሲሞላ አንድ ኬክ በነጻ። እንግዳዬ የሚጠጣውም በእኔ ካርድ ላይ ይመታል።

ከተማው ተገረመ። «መምህሩ እጁ ተፈታ» ተባለ። «ጡረታ ሲወጣ ነው ለካ የሰው ቸርነቱ የሚታወቀው» ተባለ። እኔም «ኧረ ምን አደረግሁ» እያልኩ አንገቴን እደፋለሁ። ምንም እንዳላደረግሁ የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን።

«ሰው በቅናሽ አይጋበዝም» አለችኝ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች።

«ለምን አይጋበዝም? ሆዱ ይለየዋል?»

«ሆዱስ አይለየውም። አንተ ግን ታውቀዋለህ።»

ይህን ስትል ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሳት ወይስ እኔ፣ አልጠየቅኋትም።

አሁን ወደ አበልጄ ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን የምዞረው እሱን ፈርቼ ነው።

አበልጄ በፎገራ ሜዳ፣ ከርብ ወንዝ ወዲህ፣ ሩዝ የሚያመርትና ከብት የሚያረባ ገበሬ ነው። ጎረምሳ አስተማሪ ሆኜ በዚያ ቀበሌ ትምህርት ቤት ስመደብ ያደርኩት በእሱ ቤት ነው። ክረምት ውሃው ሜዳውን ሲውጠው፣ ከብቱ ወደ ዳገት ሲነዳ፣ እኔ ምን ላይ እንደምተኛ ግራ ሲገባኝ የራሱን መደብ ለቆልኝ እሱ ከነሚስቱ ጭድ ላይ አድሯል። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አበልጅ ሆንን። እኩዮች ብንሆንም «አንቱ» ነው የምንባባል፤ በስማችን ተጠራርተን አናውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ባዶ እጁን ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ወይ ወተት ነው፣ ወይ አዲስ ሩዝ ነው፣ ወይ ቅቤ። እኔ ደግሞ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ደመወዝተኛ ሁልጊዜ የሚመጣው ወር ይከፍለዋል። እህል ውሃ ቤቴ አላጣም። እሱን «ይምጡ፣ ዛሬ የእኔ ቀን ነው» ብዬ አክብሬ የጋበዝኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ትዝ የማይለኝ ስለሌለ ነው።

ያን ማክሰኞ፣ ጥር ውስጥ፣ ለውሃ መሳቢያ ሞተሩ ዕቃ ሊገዛ ወረታ መጥቶ መገንጠያው ላይ አገኘሁት። አገኘሁት ስል ፈልጌው መስሏችሁ እንዳይሆን። ቀጠሮዬ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ነበር፤ እሱ ለቅሶ ሄዶ ቀረ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ቅናሹ ሊያልቅ ነው፤ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ሁለተኛ አፍ እፈልጋለሁ። በዚያ መካከል አበልጄ በዘይት የጨቀየ ዕቃ በፌስታል ይዞ ብቅ አለ። እግዜር ላከልኝ አልኩ። እግዜርን በዚህ ሥራ ውስጥ ማስገባቴም ሌላው ኃጢአቴ ነው።

ይዤው ገባሁ። ጫማውን ደጃፍ ላይ ሲጠርግ አየሁት፤ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ይመስላል። ተቀምጦ ሰሌዳውን አየ። ፊደል ባይቆጥርም ቁጥር ያውቃል፤ በሬ ሸጦ የማያውቅ ገበሬ የለም።

«አበልጅ፣ ያ የተጻፈው ዋጋ ነው ወይስ የመኪና ታርጋ?»

«ዋጋው ነው። ዝም ብለው ይቀመጡ።»

«የሁለቱ?»

«የአንዱ።»

ብድግ አለ። «በሉ ይነሡ፣ እንሂድ። መቶ ሠላሳ ብር በሁለት ጉንጭ አልውጥም። አንቱ በጡረታ ብር የሚኖሩ ሰው!»

«በሞቴ ይቀመጡ! እኔ እያለሁ! የአንቱን ቤት ስበላ ዋጋ ጠይቄ አውቃለሁ?»

ይህችን ቃል የት እንዳገኘኋት አላውቅም። ጥሩ ቃል ናት፤ እውነተኛ ሰው ቢናገራት ኖሮ።

ተቀመጠ። ማኪያቶው መጣ፤ አረፋው ላይ ቅጠል ተስሎበታል። በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ አየው። «ሥዕል ሠርተውበታል እኮ! እንዴት ነው የሚጠጣ፣ አይበላሽም?» አለ። ቀመሰና ከብት አርቢ ነውና ወተቱን መረመረ። «ወተቷ ሩቅ ናት። ይህች ላም ከሣሩ ይልቅ ከወንዙ ነው የዋለችው።» ሳቅን። ቢሆንም እስከ መጨረሻዋ ጠብታ፣ ቀስ እያለ፣ ዋጋዋን እያሰበ ጠጣት። እኔ ባንኮኒው ዘንድ ሄጄ የአንዱን ከፍዬ፣ ማኅተሜን አስመትቼ መጣሁ።

«ሁለታችን ስንት ሆነ?» አለኝ።

«ይተዉት» አልኩ፤ የሁለት ሰው በከፈለ ሰው ድምፅ።

ውሸት አልተናገርኩም። ብዋሽ ይሻለኝ ነበር፤ ውሸት ቢያንስ ሲናገሩት አፍ ይደርቃል። እኔ አፌ በአረፋ ረጥቦ ዝም አልኩ።

ተነሣ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ በዚያ ሁሉ መስታወት መካከል ቆሞ መረቀኝ። «ያበርክትልዎ። እኔን እንዳከበሩኝ እግዜር ያክብርዎ። አያሳፍርዎ።» አስተናጋጇ «አሜን» አለች። እኔም አልኩ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አበልጄ ገበያ አልመጣም። ከዚያ የቀጠለውም ቅዳሜ አልመጣም። አሞት ይሆን አልኩ። ስልክ ብደውል ባለቤቱ አነሣችና «ደኅና ነው፤ ሥራ ይዞ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ። ሰው ሠርግ ሲያዘጋጅ የሚስቀው ዓይነት ሳቅ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለቱም መጡ። እሱ ጋቢው ታጥቦ እንደ ሩዝ ነጥቷል። እሷ አዲስ ጫማ ተጫምታለች፤ ገና ስላልለመደችው እንደ ውሃ መሻገሪያ ድንጋይ እየመረጠች ትረግጣለች።

«ይነሡ አበልጅ» አለኝ ከደጃፍ። «ዛሬ ተራው የእኛ ነው። ያንን ሥዕል ያለበትን እንጠጣለን። እመቤትም ይነሡ።»

ባለቤቴ አየችኝ። «እኔ ወጥ ጥጃለሁ» አለች። ወጥ አልጣደችም።

እኔ ደግሞ ሰበብ መደርደር ጀመርኩ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሰው ይበዛል። ማክሰኞ ብንሄድስ?»

«ማክሰኞ ምን አለ?»

«ጸጥታ አለ።»

«እኛ ጸጥታማ ሜዳችን ላይ ሞልቶናል» አለች ባለቤቱ።

«ሆዴንም ትንሽ…»

«ምነው አበልጅ! የሰው ግብዣ ሲሆን ሆድ ይታመማል እንዴ?»

ይህች ሴት ምላሷ ድሮም ስለት ነው። በጎረምሳነቴ ልብሴን ስታጥብልኝ «ይህ አስተማሪ ቀለሙን ለልጆቹ ነው ወይስ ለሸሚዙ የሚያስተምረው?» ትለኝ ነበር። ከዘራዬን አነሣሁና ተከተልኳቸው።

ካፌው ጢም ብሏል። ሦስት ወንበር ተገኘልን። አስተናጋጇ ታውቀኛለች፤ ጥሩ ልጅ ናት፤ እየሳቀች መጣች። አበልጄ ደረቱን ነፍቶ «ሦስት አምጪልን። ያ ኬክ የሚሉትም ይምጣ» አለ።

ልጅቱ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ልታድነኝ ፈልጋ ነው፤ ክፋት በእሷ ዘንድ አልነበረም። «አባባ፣ ዛሬ እኮ ቅናሽ የለም። እንደ ማክሰኞው ሁለተኛው በነጻ አይመጣም፤ እንግዶችዎ እንዳይጎዱ ብዬ ነው። ማክሰኞ ቢያመጧቸው፣ ባለፈው እኚህን አባት እንዳመጧቸው፣ የአንዱን ብቻ ነው የሚከፍሉት።»

ስኳሩን አየሁት። ስኳር ውስጥ ጉድጓድ ቢኖር እገባ ነበር።

«ሁለተኛው በነጻ ማለት ምን ማለት ነው፣ ልጄ?» አለች የአበልጄ ባለቤት።

ልጅቱ በደስታ አስረዳቻት። ከእኔ የተሻለች አስተማሪ ናት፤ አንድ ጊዜ ተናግራ ገባት።

«እና ባለፈው አንዱ የተከፈለበት ነው፣ አንዱ ያልተከፈለበት ነው።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ያልተከፈለበት የማን ነበር?»

ልጅቱ ጥያቄው አልገባትም። እኔ ገብቶኛል። አበልጄ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«የእኔ ነዋ» አለ፣ ዝግ ብሎ። «እንግዳ እኔ አይደለሁ?» ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረ። «ሦስት አምጪ፣ ልጄ። ሦስቱም በሙሉ ዋጋው።»

«የቅበላውን በግ…» ብላ ጀመረች ባለቤቱ። አበልጄ ዞር ብሎ አያት። አቆመች።

የጀመረችውን ግን እኔ ጨረስኩት፤ ሒሳብ አይደል ሥራዬ። ሩዝ ዘንድሮ ዋጋው ወድቋል፣ ሞተሩ በእጁ የነበረውን ብር ጨርሶታል፣ ጫማ ተገዝቷል፣ ሦስት ማኪያቶ ከነኬኩ ታዟል። ለዐቢይ ጾም መያዣ፣ ለቅበላ የሚታረደው በግ ተሽጧል። እኔን ሊያከብር። በነጻ ስላጠጣሁት።

ጠጣን። ማንም ስለ ሥዕሉ አላነሣም። ስለ ዝናብ ተነጋገርን፤ ጥር ላይ ስለ ዝናብ። ከፈለ። ልጅቱ መልሱን ስታመጣ ደረት ኪሴን አየችና «አባባ፣ ካርድዎ ይኸውና!» ብላ መዘዘችው። ለካ ጫፉ ብቅ ብሎ ነበር። «ሦስት ማኅተም ጨምሬ ልምታልዎ» አለች። ሞላ። «እንኳን ደስ ያለዎት! አንድ ኬክ በነጻ ደርሶዎታል!»

ኬኩን አምጥታ በፊቴ አስቀመጠችው። ላዩ ላይ ቀይ ፍሬ አለበት። ሦስታችንም አየነው። በአበልጄ በግ የመጣ ኬክ ነው። ማንም አልነካውም። እስክንነሣ ድረስ ዝንብ ብቻ ነበር የጋበዝኩት፤ እሱንም በነጻ።

ደጃፍ ላይ አበልጄ ባርኔጣውን አነሣልኝ።

«ደኅና ይዋሉ፣ መምህር» አለ።

መምህር። የመጀመሪያው ቀን፣ ሻንጣዬን በራሴ ተሸክሜ ቀበሌው ስገባ እንዲያ ነበር ያለኝ። ከክርስትናው ወዲህ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ቤት ገብቼ ወረቀት ፈልጌ አሰላሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለማ። ሰማንያ የነበረችው ማኪያቶ፣ ያ ቀይ ጨርቅ በተሰቀለ ሰሞን፣ መቶ ሠላሳ ሆናለች፤ በየሳምንቱ እየከፈልኳት ከድሮው ዋጋ ጋር አላስተያየኋትም። ሁለቱን በመቶ ሠላሳ መጠጣት ማለት አንዱን በስድሳ አምስት ነው። ከሰማንያ ወደ ስድሳ አምስት፤ ሃያ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሃምሳ በመቶ እያልኩ በልቤ ስፎክር የከረምኩት እኔ ነኝ። ያውም ከጀበና ቡናዋ ሴት ተነጥዬ ከሄድኩ ወዲህ ለቡና የማወጣው ስንት እጥፍ እንደሆነ አላሰላሁትም። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ሰሌዳው ላይ ዋጋው የተሰቀለው ቅናሹ ትልቅ እንዲመስል ነው፤ እሺ። እኔ ግን በዚያ በተሰቀለ ዋጋ ለጋስ መሰልኩበት። ነጋዴው እኔን ሸወደኝ፤ ንግዱ ነው። እኔ የሸወድኩት አበልጄን ነው፤ የእኔስ ምን ሊባል ነው?

ገበያችን ላይ እህል ሲሸመት ምርቃት አለ። ሻጯ ሰፍራ ስትጨርስ በእፍኟ ዘግና ትጨምራለች። ያንን እፍኝ ወስዶ ለጎረቤቱ «ለአንቺ ብዬ ገዛሁልሽ» የሚል ሰው ፎገራ ላይ አልተፈጠረም ነበር፤ እኔ እስክፈጠር ድረስ።

ፀጉር አስተካካዩ «ምነው ማክሰኞ ጠፋህ?» ቢለኝ «ሐኪም ከለከለኝ» አልኩት።

የቅበላ እሑድ ደረሰ። በግ ገዛሁ። ባጃጅ ተከራይቼ፣ በጉን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ ሜዳው ሄድኩ። መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ እኔ ጎብጫለሁ፤ በጉ ግን ቀና ብሎ በግራ በቀኝ ያያል። ያየን ሰው ሁሉ ማንኛችን ሽማግሌ ተልኮ እንደሚሄድ ሳያምታታው አይቀርም። ሩዙ ታጭዶ ጓያው በቅሏል፤ ከብቱ ውሃው ዳር ተበትኖ ይግጣል። አበልጄ ከደጃፉ ጭድ ሲከምር አገኘሁት።

ምን እንደምል በመንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ በጉ ቀድሞኝ ወረደ።

አበልጄ በጉን አየ፣ እኔን አየ። «ሁለተኛው የት አለ?» አለኝ። «ወይስ በግ ሲሆን አንድ ብቻ ነው የሚሰጡት?»

«በሙሉ ዋጋው ነው» አልኩ። ድምፄ እንደ በጉ ሆነ።

ባለቤቱ ከቤት ወጣች። ገመዱን ከእጄ ወሰደችና ከጥጆቹ አጠገብ አሰረችው። «ለፋሲካ ይደርሳል» አለች። «ዛሬ ያለንን ይበላሉ። ይግቡ።»

ቅበላ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሥጋ ይሸታል። እነሱ ቤት ሩዝና እርጎ ቀረበ። ደጃፉ ላይ፣ ጥላው ሥር ተቀመጥን። ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ፤ ይቅርታ አልኩ፤ ራሴን ሰደብኩ፤ ራሴን መስደብ ላይ ጎበዝ ነኝ። እሱ ግን «ይብሉ፣ መምህር» ይለኛል በየመካከሉ። አክብሮቱ ምንም አልጎደለም። እሱ ነው የሚያምመው።

ባለቤቱ እርጎ ልትጨምር ወደ ውስጥ ስትገባ ሳህኑን ወደ ጎን አደረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ መምህር። ያ ቅናሽ የሚሉት ባይኖር ኖሮ፣ ያን ማክሰኞ ይጋብዙኝ ነበር?»

በባጃጁ ውስጥ ለሁሉም ጥያቄ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ይህ አልነበረበትም። «እንዴታ!» የምትል ቃል ጫፏ ምላሴ ላይ ደረሰች። እሱ ደግሞ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ከብቶቹ ላይ አደረገ፤ ብዋሽ እንዳያየኝ፣ ይህንንም ለእኔ ብሎ።

«አልጋብዝዎትም ነበር» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ከጭዱ አንዲት ሰበዝ መዘዘና በጣቱ ጠቀለላት።

«ደግ» አለ። «እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት።» ወደ ቤቱ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእሷ ግን እንዳይነግሯት። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ስትሟገተኝ ነው የከረመች። ‹ቅናሹ ባይኖርም ይጋብዝህ ነበር፤ በቤታችን የኖረ ሰው ነው፤ ክፉ የምታስብ አንተ ነህ› ትለኛለች። በጉንም ያሰረችው ለዚያ ነው። እኔማ መልሼ ልሰድዎ ነበር።»

 ከቤት የጫማ ድምፅ መጣ፤ ያንን አዲሱን ጫማ ለእኔ ብላ አድርጋዋለች። የእርጎውን ቅል ይዛ ወጣች። ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን። ዝም ማለታችንን ዕርቅ አደረገችው መሰለኝ፤ በክርክር የረታ ሰው በሚያይበት ዓይን ባሏን አየችው።

«ምን ዝም ብላችሁ ትተያያላችሁ? ነገ ጾም ነው፤ ብሉ እንጂ!» አለችና ሳህኔ ላይ እርጎውን ገለበጠችው። «ይህ ሰው ዱሮም እኔ ካልጨመርኩለት አይበላም ነበር።»

በላሁ። ሳህኑ ሲጎድል ሩዝ ጨመረችልኝ፤ ያንንም በላሁ። በሦስተኛው አበልጄ ከጎን ሆኖ ሲያየኝ በቃኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እሷ ደግሞ ጭልፋውን ይዛ፣ ፊቷ በርቶ፣ ትጠብቀኛለች። ሳህኔን ዘረጋሁላት።